የ14 ዓመት ደረሰኝ ይዤ የምጽፈው፦ ለሰፈሬ እድርና ለቀበሌያችን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለእድራችን ዳኛ፣ ለፀሐፊውና ለኮሚቴው። ይድረስ ለቀበሌያችን ኃላፊዎች። ይድረስ ጅማ ውስጥ እድር ለምትመሩ ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የምሰራው እዚሁ ጅማ መርካቶ ዳር ነው። ብዙዎቻችሁ የልጆቻችሁን ዩኒፎርም እኔ ጋ አሰፍታችኋል፣ ታውቁኛላችሁ። የማንንም ስም አልጽፍም፣ የሰፈራችንንም ስም አልጠራም። ሰው ላዋርድ አይደለም የተነሳሁት፣ ነገም አብረን የምንኖረው እዚያው ነው። ግን ከዓመት በላይ ዝም ብዬ ቆየሁ። ሽማግሌ ላክሁ፣ ቀበሌ ተመላለስኩ፣ "እናየዋለን" ከሚል ቃል ሌላ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ሁሉም ሰው በሚያነበው መንገድ ልጻፍላችሁ አልኩ።

ነገሩ ይሄ ነው። ባለቤቴ ነሐሴ 2016 አረፈ። እድሩ አልቀበረውም። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልመጣም፣ አንድ ወንበር እንኳን አልተሰጠንም። ምክንያቱ ጴንጤ መሆኑ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። መዋጮ አላጓደለም፣ ከሰው ተጣልቶ አያውቅም፣ የማንም ለቅሶ አምልጦት አያውቅም። ይሄን ስናገር "በዚህ ዘመን እንዲህ አይደረግም" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ተደርጓል፣ እኔ ላይ ነው የተደረገው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ያረፈው። ኩላሊቱ ነበር። ዶፍ ይዘንባል፣ የጅማን ነሐሴ መቼም ታውቁታላችሁ። ወገግ ሲል ነጠላዬን ዘቅዝቄ ዳኛው ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈቱልኝ፣ ገና ሲያዩኝ ገባቸው። "አይ ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ። ከልባቸው እንዳሉት አልጠራጠርም። ከዚያ ዝም አሉ። እኔ ጡሩምባ ነፊውን ይልኩልኛል ብዬ ቆሜ ስጠብቅ "እስቲ ፀሐፊውን ልጥራው" አሉኝ። ፀሐፊው ትልቁን ደብተር በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዝናብ እንዳይነካው ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ መጣ። ገልጦ አሳየኝ። የባለቤቴ ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። ዝም ብሎ በእጅ የተጫረ አይደለም፣ ማስመሪያ ተይዞ ቀጥ ተደርጎ ነው የተሰመረው። ከጎኑ "በአዲሱ ደንብ መሠረት" ይላል። ያ ቀይ መስመር እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

"የቱ ነው አዲሱ ደንብ?" አልኩ። ጥቅምት 2014 ጠቅላላ ጉባኤ አጽድቆታል ተባልኩ። ሃይማኖቱን የቀየረ፣ ወይም ከሁለቱ የሰፈሩ ነባር እምነቶች ውጭ የሆነ አባል የቀብር አገልግሎት አይሰጠውም ይላል። ጥቅምት የቡና ወቅት ነው። ባለቤቴ ቡና ማበጠሪያ መጋዘን ስለሚሰራ በዚያ ወቅት እሁድ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ስብሰባው ላይ አልነበረም። በኋላም "ወንድሜ፣ እንዲህ ተወስኗል" ብሎ የነገረው አንድም ሰው የለም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጊዜ ባለፈ ቁጥር ይበርድልኝ ይሆናል። እኔን ያላስተኛኝ ደረሰኙ ነው። ባለቤቴ ወረቀት አይጥልም ነበር። የእድር ደረሰኞቹን በላስቲክ አስሮ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣል። ከለቅሶው በኋላ አውጥቼ ቆጠርኳቸው። ከመስከረም 2003 እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ 167 ወር ነው፣ ደረሰኙ 165 ነው። ሁለቱ ቤት ስንቀይር ጠፍተው ይሆናል። ደንቡ ከተቀየረ በኋላ ብቻ 33 ወር ከፍሏል። ስሙ ተሰርዞ እያለ ማለት ነው። 33 ጊዜ ገንዘቡን ተቀብላችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ማኅተም መትታችሁ፣ "እግዜር ይስጥልን" ብላችሁ ሸኝታችሁታል። ወይ ደንቡን ስታወጡ ልትነግሩት፣ ወይ ገንዘቡን አንቀበልም ልትሉት ይገባ ነበር። ሁለቱንም ሳታደርጉ ቀርታችሁ ሬሳው ቤት ተኝቶ እያለ ለእኔ ነገራችሁኝ።

ባለቤቴን ለማታውቁት ትንሽ ላውራችሁ። የተወለደው ከሰቃ ወደ ውስጥ በሚገባ ገጠር፣ ከሙስሊም ቤተሰብ ነው። ለሥራ ወደ ጅማ መጣ፣ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ፣ እዚያ አብሮት ከሚሰራ ሰው ወንጌል ሰማና በ1996 አመነ። ማንም ብር አልሰጠውም። ይሄን የምለው "በዘይትና በስንዴ ነው የሚቀየሩት" የሚለውን ወሬ ዕድሜ ልኩን ሲሰማ ስለኖረ ነው። እንዲያውም ማመኑ የነበረውን ነው ያሳጣው። አባቱ "እንዲህ የሚባል ልጅ የለኝም" አሉ። ድርሻው የነበረው የቡና ማሳ ለወንድሞቹ ተከፋፈለ። እናቱ ግን በድብቅ ቅቤ ይልኩለት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የምትወጣ አንዲት የሰፈራቸው ሴት በትንሽ ቅል አድርጋ ታመጣለታለች፣ እሱም በዚያው ቅል ስኳር አድርጎ ይመልሳል። አንድ ሐሙስ ሴትየዋ ባዶ እጇን መጣች። እናቱ ከሞቱ 20 ቀን ሆኗቸው ነበር። ማንም አልላከበትም። የዚያን ቀን ማታ ቅሉን እጁ ላይ ይዞ ግድግዳ ሲያይ አመሸ። እኔም ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ምን ይባላል?

በቤተሰቦቹ ላይ ቂም የለኝም። እነሱም ልጅ አጣን ብለው ያዘኑ ሰዎች ናቸው፣ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ምን እንደተባሉም አውቃለሁ። እሱም አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሯቸው አያውቅም። ስሙን እንኳን አልቀየረም፣ "አባቴ ያወጣልኝን ስም ለምን እጥለዋለሁ" ይል ነበር።

እኔ ደግሞ የወለጋ ልጅ ነኝ፣ ነቀምት ነው ያደግሁት። እዚያ ጴንጤ መሆን ወሬ አይደለም፣ ግማሹ ሰፈር መካነ ኢየሱስ ነው። አባቴ የደርግን ዘመን ሲያወሩልን ነው ያደግነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ በየቤቱ መጋረጃ ዘግተው እንዴት ይጸልዩ እንደነበር። ሁልጊዜ የሚያነሱት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩትን የቄስ ጉዲና ቱምሳን ነገር ነው። ሐምሌ 1971 ደርግ አፍኖ ወስዶ ገደላቸው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ታስረው ወደ 10 ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። የቄሱ አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይቀየራል፤ "ሰው መግደሉስ አንድ ነገር፣ ለሚስት መቃብሩን መደበቅ ግን ምን ይባላል?" ይሉ ነበር። ልጅ ሆኜ አይገባኝም ነበር። የእኔን ነገር ከእሳቸው ጋር ማወዳደሬ አይደለም፣ ድፍረት ይሆንብኛል። ግን ሬሳ እቤት አስተኝቶ የሚቀብር ሰው ፍለጋ በዝናብ መሄድን ቀምሼዋለሁና የአባቴ ጥያቄ አሁን ነው የገባኝ።

ጅማ ስመጣ ነው "ጴንጤ" የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሰማሁት። ቤት ስንከራይ "ጴንጤ ናችሁ እንዴ? ዘፋኝ ናችሁ፣ ትጮሃላችሁ" ብለው የከለከሉን አሉ። ልጄን ትምህርት ቤት "ፀረ ማርያም" ብለውት እያለቀሰ የመጣበት ቀን አለ። ጎረቤት ቡና ሲጠራራ እኔን የሚዘሉበት ጊዜ ነበር። ይሄን ሁሉ ችዬዋለሁ፣ በማይወድህ ሰው ቤት ቡና ካልጠጣሁ ብለህ አትከስስም። እድር ግን እንደ ቡና አይደለም።

እድር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር የለብኝም፣ ግን ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ገጠር ያለ ሰው ሲሞት ዘመድ ወገኑ ነው የሚቀብረው፣ ጡሩምባም ደብተርም አያስፈልገውም። ከተማ የመጣ ሰው ነው ወገን የሌለው። ከተለያየ አገር መጥቶ በአንድ ሰፈር የተከማቸ ሰው "እኔ ብሞት ማን ይቀብረኛል" ብሎ ሲጨነቅ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ እድር መሠረተ። ዘመድ ያጣ ሰው ዘመድ እንዲያገኝ ነው የተፈጠረው። እንግዲህ ጅማ ውስጥ ከባለቤቴ የበለጠ እድር የሚያስፈልገው ሰው ማን ነበር? በእምነቱ ምክንያት የሥጋ ዘመዶቹ የተዉት ሰው ነው። ለዚያ ነው አንድ ወር ሳያዛንፍ 14 ዓመት የከፈለው፣ የቤት ኪራይ ሲያጥረን እንኳን የእድሩን አስቀድሞ ነበር የሚያስቀምጠው። "እኔ እዚህ አገር ያለኝ ዘመድ ይሄ ደብተር ነው" ይለኝ ነበር።

እድራችን እንዲህ አልነበረም ደግሞ። እድሩ ውስጥ በገባን በስድስተኛው ወር፣ የካቲት 2003 መጨረሻ፣ ከአሰንዳቦ የተነሳውን ችግር ታስታውሳላችሁ። በጅማ ዞን ከ50 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ሸሸ። ከተማው ውስጥ ሁሉም ፈርቶ ነበር፣ ባለቤቴ ደግሞ በእጥፍ። ከእስልምና ወጥቶ ክርስቲያን የሆነ ሰው በዚያ ሳምንት ምን እንደሚሰማው አስቡት። በሁለተኛው ቀን ማታ በራችን ተንኳኳ። ልባችን ወደቀ። ስንከፍት የያኔውን የእድር ዳኛ አገኘን፣ ሐጂ ነበሩ፣ አሁን በሕይወት የሉም፣ አላህ ይማራቸው። ከሦስት ሰዎች ጋር ናቸው፣ ሁለቱ ሙስሊም አንዱ ኦርቶዶክስ። "ልጆቹን ይዛችሁ እኔ ቤት ታድራላችሁ፣ የእድራችን ሰው ላይ ማንም እጁን አያነሳም" አሉ። ሦስት ሌሊት እሳቸው ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኛን። ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት በቆሎ ቂጣ እየጋገሩ ከቡና ጋር ያቀርቡልን ነበር። ደግነቱ ሰፈራችን ምንም አልተነካም።

ሐጂ ባለቤቴ ሃይማኖት መቀየሩን በደንብ ያውቁ ነበር። ደስ አላላቸውም፣ ፊት ለፊትም ነግረውታል። ግን ሃይማኖቱን አለመውደድና የእድር ሰው አለመሆኑ እሳቸው ዘንድ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ነበሩ። ይሄ ልዩነት ነው ጥቅምት 2014 የጠፋው። እኔ በጣም ያሳዘነኝ ደግሞ ማን ከማን ጋር ተስማምቶ ደንቡን እንዳወጣ ስሰማ ነው። ብዙ ጊዜ በስንቱ የማይስማሙት የእድራችን ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሶች በዚህ አንድ ነገር ተስማምተው እጅ አወጡ። ለአንዱ ወገን የከዳ፣ ለሌላው ወገን መናፍቅ። ሁለቱ ሰዎች በመሐል ያለውን ጎረቤት ገፍተው ተጨባበጡ።

"ሁለቱ ነባር እምነቶች" የሚለው ቃልስ ልክ ነው ወይ? በ1999 የሕዝብ ቆጠራ ጅማ ከተማ 120,960 ሰው ነበራት። 46.8 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 39 በመቶው ሙስሊም፣ 13 በመቶው ፕሮቴስታንት ነው። ከ100 ሰው 13ቱ እኛ ነን ማለት ነው፣ ይሄም ያኔ ነው። ጅማ ውስጥ የእኛ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እንግዳ አይደለንም፣ ቆሻሻ ስናስጠርግ፣ ለመንገድ ስናዋጣ፣ ለጥበቃ ስንከፍል ማንም ከሁለቱ ናችሁ ወይ ብሎን አያውቅም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ከዳኛው ቤት ስመለስ ግቢዬ ውስጥ ጭቃና ዝናብ ብቻ ነው ያለው። ለቅሶ ደራሽ የት ይቀመጥ? ያኔ ነው ከኋላችን ያሉት ጎረቤቴ፣ ሙስሊም ናቸው፣ አዴ ነው የምላቸው፣ ከልጆቻቸው ጋር ትልቅ የቡና ማስጫ ሸራ ተሸክመው የመጡት። አንዱን ጫፍ አቮካዶው ላይ፣ ሌላውን አጥሩ ላይ አሰሩት። ውሃ ሲጠራቀምበት ትንሹ ልጃቸው በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፋ ያፈሰው ነበር፣ ቀኑን ሙሉ። ሸራው ቡና ቡና ይሸታል። ባለቤቴም ከሥራ ሲመጣ እንደዚያ ነበር የሚሸተው። ሬሳው ከቤት ወጥቶ በዚያ ሸራ ሥር ሲያልፍ ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልችልም። አዴ ከዚያ ጓዳዬ ገብተው የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ጣዱ። እዚያው መንገድ ማዶ ያሉት ኦርቶዶክሷ ጎረቤቴም በጓሮ በር ገብተው ሽንኩርት ሲከትፉ አገኘኋቸው። በፊት ለፊቱ በር አልገቡም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፣ ያለቅሱ ነበር።

የቀበረው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነው። በኪራይ አይሱዙ ጭነን ከከተማው ዳር ወዳለው የአማኞች መቃብር ወሰድነው። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ስለነበር ወጣቶቹ በባልዲ እየቀዱ አወጡት። ጸሎት ሲደረግ ቀና ስል፣ ከመንገዱ ማዶ ባሕር ዛፍ ሥር ጥቁር ጃንጥላ የያዘ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ቆሟል። አቋቋሙ የባለቤቴ ነው። ታናሽ ወንድሙ ነበር። ለ20 ዓመት ገደማ ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ማን እንደነገረው አላውቅም። ሕዝቡ ሁሉ እስኪሄድ እዚያው ቆየ። እኔን ይዘውኝ ወደ መኪናው ሲሄዱ ዘወር አልኩ፣ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ጉልበቱ ላይ ሆኗል። አፈሩን ሦስት ጊዜ በእጁ ዘግኖ ጣለ፤ አፈር አይባልም፣ ጭቃ ነው። "ኦቦሌሳ ኮ" ሲል ሰማሁት፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ አንድ ፌስታል ሰጠኝና ሄደ። ጀንፈል ነው፣ ካባታቸው ማሳ የተለቀመ። አላፈላሁትም። ቆርቆሮው ውስጥ ከደረሰኞቹ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

እድራችን ያን ቀን ጡሩምባ ቢነፋ ኖሮ ያ ሰው ከዛፍ ሥር አይቆምም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሲቀብር ያ ወንድምም ከሰው መሐል ገብቶ ያለቅስ ነበር። ሰፈሩ ሲርቀን እሱም ራቀ።

አሁን ወደ ቀበሌያችን ኃላፊዎች ልምጣ። የሞት ምዝገባ በ30 ቀን ውስጥ መሆን አለበት ስለተባልኩ እናንተ ጋ መጣሁ፣ እግረ መንገዴንም ጉዳዩን አመለከትኩ። መልሳችሁ "እድር የግል ማኅበር ነው፣ መንግሥት በእድር ጉዳይ አይገባም" የሚል ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን አውቃለሁ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ ተጽፏል፣ ጥሩም ነገር ነው። ግን እኔ በሃይማኖት ጉዳይ ግቡ አላልኳችሁም። የእድሩን ደንብ ተቀብላችሁ መዝግባችሁ ማኅተም የፈቀዳችሁት እናንተ ናችሁ። ስብሰባ ስትጠሩን በእድር በኩል ነው፣ መዋጮ ስትሰበስቡ በእድር በኩል ነው፣ በ2012 ኮሮና ሲመጣም ለቅሶ ቤት እንዳንሰበሰብ ያስነገራችሁት በእድር ዳኞች በኩል ነው። ስትፈልጉት የመንግሥት እጅ፣ እኔ ስቸገር የግል ማኅበር ሊሆን አይገባም።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ ነፃነት አለው ይላል። አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው ሁሉ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግበት በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ይሄን ለመናገር ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፣ ማንም ማንበብ የሚችል ሰው ያገኘዋል። "እምነትህን ከቀየርክ የ14 ዓመት ገንዘብህ ይቀራል፣ ሬሳህም አይነሳም" የሚል ደንብ ላይ ማኅተም ሲያርፍ ያ ነፃነት የት አለ? የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የተመዘገቡትን ደንቦች አውጥታችሁ አንብቡ። አባልን በሃይማኖቱ የሚሰርዝ አንቀጽ ካለ ይስተካከል በሉ። ይሄ የእናንተ ሥራ ነው፣ አንድ ደብዳቤ ነው የሚፈጀው።

ለእኛም ሰዎች የምለው አለኝ፣ ይሄን ካልጻፍኩ ደብዳቤዬ እውነት አይሆንም። ከቀብሩ በኋላ ብዙ ወንድሞችና እህቶች "የራሳችን እድር አለን፣ እዚያ ገብተሽ ከማያምን ጋር ምን ያሟግትሻል?" አሉኝ። ከልብ አስበውልኝ ነው። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስጮህ የሚሰማኝ አጥር ተጋሪዬ ነው እንጂ ከአወይቱ ወንዝ ማዶ ያለ የቤተ ክርስቲያን አባል አይደለም። ሁሉም የየራሱን እድር ይዞ ከተነጠለ አንድ ሰፈር ውስጥ ሦስት ጡሩምባ ይነፋል፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጣል። ደግሞስ እኛ ራሳችን ንጹሕ ነን? "የእነሱን ለቅሶ አትሂዱ፣ ጠበል አትቅመሱ" እያልን ከጎረቤት የራቅንበት ጊዜ የለም? እኔ እራሴ አዲስ ሙሽራ ሆኜ አንድ የሰፈር ለቅሶ ቀርቼ ባለቤቴ በጣም ተቆጥቶኛል። "ሰው ሞቶ ነው ስለ ሥርዓት የምታስቢው?" ብሎኝ እጄን ይዞ ወሰደኝ። ባደግሁበት በነቀምትም፣ እኛ በበዛንበት፣ ሙስሊሙን ጎረቤት ወይ ኦርቶዶክሱን እንዴት ነው የያዝነው ብዬ አሁን አሁን እራሴን እጠይቃለሁ። ልጅ ስለነበርኩ አላየሁም ይሆናል፣ ከብዙኃኑ ወገን ለሆነ ሰው ነገሩ አይታየውም። እናንተም ያልታያችሁ ለዚያ ይመስለኛል። ክፉ ሰዎች ስለሆናችሁ አይመስለኝም።

አንዳንዶቻችሁ "የቀብር ሥርዓታችን የተለያየ ነው፣ እንዴት አብረን እንቀብራለን" ትላላችሁ። እሺ። እናንተ ወደ መቃብሩ ገብታችሁ አትጸልዩ፣ ማንም አያስገድዳችሁም። ሙስሊሙ አባል ሲሞት ኦርቶዶክሱ መስጊድ ገብቶ ይሰግዳል እንዴ? ውጭ ቆሞ ይጠብቅና አብሮ ይሸኛል። ድስቱም ቢሆን የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ ሁለት ነው፣ ለዚያ ስንቱን ዓመት መላ ስታገኙ ኖራችኋል። ለእኛም መላ አይጠፋም። ጡሩምባው ይነፋ፣ ድንኳኑ ይምጣ፣ ወንበሩ ይደርደር፣ ሬሳው ከቤት ሲወጣ ሰፈሩ ይሸኝ። ጸሎቱን እኛ እናደርጋለን።

ለእኔ የ14 ዓመቱ ገንዘብ ይመለስልኝ እያልኩ አይደለም። ብትመልሱትም አልቀበልም። እኔ የምፈልገው ቀዩ መስመር እንዲነሳ ነው፣ ስሙ ሙሉ ሆኖ "አረፈ" ተብሎ፣ ቀኑ ተጽፎ፣ እንደማንኛውም የሞተ አባል ደብተሩ ላይ እንዲቀመጥ። ያ አንቀጽ ከደንቡ ይውጣ። እኔም ልጆቼም በእሱ ቦታ እንመዝገብ። ከኋላዬ ሌሎች አሉ፤ ከደብዳቤዬ በፊት ሦስት ሰዎች ሱቄ መጥተው "እኛም ደንቡን አላየነውም ነበር፣ እየከፈልን ነው፣ ስማችን ይኑር አይኑር አናውቅም" ብለውኛል። አንዷ የ70 ዓመት ሴት ናቸው። እሳቸው ሳይሞቱ ነው ይሄ ነገር መስተካከል ያለበት።

የወሩ ስብሰባ የፊታችን እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። አዴ አብረውኝ እንደሚመጡ ነግረውኛል፣ የእድሩ መሥራች አባል ስለሆኑ የመናገር መብት አላቸው። ዳኛችን፣ አጀንዳ ላይ ያስይዙልኝ ዘንድ ትናንት ማመልከቻዬን ለፀሐፊው ሰጥቻለሁ፣ ተቀብሎ ፈርሞልኛል። ፀሐፊውን አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበለው፤ ትልቁን ደብተር ይዘህ ና። እኔ ቆርቆሮውን ይዤ እመጣለሁ፣ 165ቱን ደረሰኝ ወር በወር አስተካክዬ አስሬያቸዋለሁ፣ አንድ በአንድ ማየት ለሚፈልግ አሳየዋለሁ።

የሟች ባለቤት
ጅማ